ድራማው የተቀረጸበት ቤት

ተከታታይ ድራማው በእኛ ግቢ ከተቀረጸ ወዲህ አምባችን ሰው ሰው ሸተተች። አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ይመጣል፤ ሸማኔው ትእዛዝ በዝቶበት ማድረስ አቅቶታል፤ ጠጅ ቤቱ እንኳ አልጋ ማከራየት ጀምሯል። ፊደል ባልቆጥርም ባህላችንን ለአገር ያሳየሁ እኔ ነኝ እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ አንገት አስደፋሁት። ድራማውን ግን አላየሁትም። የገዛ ጓዳዬን በቴሌቪዥን የማይ ምን ሆኜ!

ትናንት አንዲት ጎብኚ ደጃፉን በስልኳ እያነሳች፣ "ያቺ ክፉ አማት የምራቷን ወጥ በእንግዳ ፊት የደፋችው እዚህ ጋ ነው! 'የለማኝ ልጅ ወጥ ለውሻ' ያለቻት!" አለች።

ክው አልኩ። ወጡን የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉም የኔው ነው። ለካ ፊልም ሠሪዎቹ ሳምንት ሙሉ ከምራቴ ከዘርፌ ጋር ጓዳ የተቀመጡት ይህንን ሊሰሙ ኖሯል። ፊቴን የምሸሽግበት አጣሁ።

ጎብኚዋ አጠገቤ ወደ ቆመችው ዘርፌ ዞራ፣ "ታሪኩ ያንቺ ነው አሉ። ያቺ አማትሽ አሁንም አለች?" ብላ ጠየቀቻት።

"የለችም። ሞታለች።"

"እሰይ! እኚህ እማማስ?"

ዘርፌ ቀና ብላ አየችኝ።

"እናቴ ናቸው" አለች።