ጨርቅ የሌለው ስፌት

«እዚያ አገር በር መዝጋት ክልክል ነው፤ ለሞተ ማልቀስም ክልክል ነው» አለ መምህር ብዙነህ፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ወደ አማርኛ እየመለሰ። «አሮጊቷ ስትሞት ጋሪ መጥቶ ወሰዳት። ጎረቤት ሁሉ ፊቱን አዞረ። ልጇ ሥራ ላይ ነበር፤ የነገረው የለም።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ባዶውን የስፌት መኪና ይረግጣሉ። ንባቡ ወደ መንገድ እንዳይወጣ የዘየዱት ዘዴ ነው፤ መኪናው እስከጮኸ ድረስ የናዝሬት ሰው ሰፊው ሥራ ላይ ነው ብሎ ያልፋል። የተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በጆሯቸው ነው፣ መምህሩ የሚያነብበትን ቅዳሜ የሚወዱትም ለዚህ ነው።

«እድር የላቸውም እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴዋ ሀጂራ። «ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ንፍሮ የሚቀቅል?»

«ምንም የላቸውም።»

«ያ አላህ! እኛም ከቀበሌ ስብሰባ የቀረን ቀን ስኳር እንከለከላለን፤ ግን ሬሳችን ብቻውን ወጥቶ አያውቅም።»

«የወጣም አለ» አለ ብዙነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው ብድግ አሉና አማተቡ። «ነፍስ ይማር።»

«ጋሼ፣ አሮጊቷ እኮ የፈጠራ ሰው ናት» ብሎ ሳቀ ብዙነህ።

«ብትሆንስ? ማን አለቀሰላት?»

ያኔ ነው ጸጥታው የተሰማቸው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጉተማ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሟል።

«መኪናው ዝም አለብኝ፤ ምን ሆኑ ብዬ ነው። ማናት የሞተችው?»

ብዙነህ መጽሐፉን ጭኑ ሥር ሸጎጠ። አምና አንድ ባልደረባው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተገኝታበት ተወስዶ እስከዛሬ አልተመለሰም። ጋሽ ወልደአማኑኤል ውሸት ፈለጉ፤ ምላሳቸው እምቢ አለ።

«የመጽሐፍ ሰው ናት፣ ልጄ። እድር የሌለበት አገር ሰው። ልጇ ሥራ ላይ ሳለ ሞተችና የሚቀብራት ጠፋ።»

ጉተማም ራሱ ወለንጪቲ ዘብ ላይ ሳለ ነበር እናቱ ያረፉት። ድንኳኑን የተከሉት እኚሁ ሰፊ ነበሩ፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት የሀጂራ ወንድሞች። እሱ ሲደርስ አፈሩ ደርቋል፤ ሰዉ ግን ከድንኳኑ አልተነሳም፣ እሱን ይጠብቅ ነበር።

መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ሀጂራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ጉተማ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመ።

«ልጅየውስ?» አለ። «በኋላ ሰማ?»

ሦስቱም ጠመንጃው ላይ አፈጠጡ።

«ምነው ጋሼ፣ ይርገጡት እንጂ! ውጭ ይሰማል።» ጉተማ ፈገግ አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሰፉ ይውላሉ፤ አንዲት ሱሪ ስትወጣ ግን አይቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ ሀጂራ ሳቀች። ብዙነህ መጽሐፉን ከጭኑ ሥር አውጥቶ ያቆመበትን ገጽ ይፈልግ ጀመር። ጋሽ ወልደአማኑኤል «ተመስገን» ብለው እግራቸውን ወደ ፔዳሉ መለሱ፤ ክር የሌላት መርፌም በተዘጋው ቤት ውስጥ አየሩን ትወጋ ጀመር።