አትንካው የተባለው የአባት ሰዓት

«አትንካው አልኩህ!»

ታላቅየው እጁን ሰብስቦ ደረቱ ላይ ለጠፈ።

ታናሽየው ሊነካ የፈለገው ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ... የአባታቸውን የእጅ ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ልለካው ብቻ ነው።»

«በዓይንህ ለካው!»

ይሄን ታናሽ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። ኪሱ ውስጥ ብሎን ጠፍቶ አያውቅማ።

አባታቸው ሲሞቱ ታላቅየው ሰዓቱን ወረሰ... ሀብታሞች እጅ ላይ ብቻ የሚታይ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ዓይነት። «ጎበዝ ሠራተኛ ነህ ብሎ ድርጅቴ ሸለመኝ» ይሉ ነበር አባት፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ።

ብሎንስ ምን ወረሰ?

ቶርኖ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ብረት የቀረጹበት አሮጌ ማሽን።

ያውም በሽተኛ... የቀረጸው ብረት ላይ ሁሉ አንዲት ጠመም ያለች ጭረት ሳይተው አይለቅም። ብሎን ፈታው፣ ገጠመው፣ ሰደበው። ጭረቷ ግን ወይ ፍንክች!

«ለሱ ሰዓት፣ ለኔ ዝገት» ይል ነበር ለብቻው። ያንገበገበው ዕቃው አይደለም። አባቱ ማንን አስበልጠው እንደወደዱ የገባው ስለመሰለው ነው።

በመጨረሻ እልህ ያዘው። «ካላስነካኝ እሱን የመሰለ ሰዓት እሠራለሁ!»

ሠራውም።

ገላውን ከተጣለ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ቀረጸው። ሆዱን ከርካሽ ሰዓት አወጣ። ቁጥሮቹን በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሹን ውጦ ጻፈ... ሰባት ላይ አስነጠሰውና እንደገና ጀመረ። ለማሰሪያ የሚሆን ቆዳ ሲያጣ ደግሞ የእናቱን አሮጌ የእጅ ቦርሳ ቆረጠ።

ሳያስፈቅድ።

እሁድ እናታቸው ቤት ተገናኙ። ብሎን እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ... ቁርጥ አባቱን።

እናት መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ሰዓቱን ሳይሆን ማሰሪያውን።

«ይሄ ቦርሳዬ አይደለም?»

«እማዬ ይቅርታ፣ አሮጌ ስለሆነ...»

«ወይ ጉድ! ቦርሳዬ ግን ምን አድርጓችሁ ነው? አንዱን አባትህ ቆረጠው፣ አንዱን አንተ!»

ብሎን ወደ እናቱ ዞረ።

«አባዬ... ለምን ቆረጠው?»

እናት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ታላቅየው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ብሎን እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ አምጣው።»

ታላቅየው በዚህ ቀን «አትንካው» አላለም። ፈትቶ ሰጠው።

ብሎን ሰዓቱን ገለበጠው... ጀርባው ላይ፣ ዳሩን ይዛ፣ ያቺ ጠማማ ጭረት! የቶርኖው ጭረት። የራሱንም ገለበጠ። ያችው ናት።

አባታቸው ሰዓቱን አልተሸለሙም... ሠርተውት ነው።

«ድርጅቱ ሽልማቱን ለሌላ ሰው ሰጠው» አሉ እናት። «አባታችሁ ግን ቀድሞ ለኔ ነው እያለ ለሰው ሁሉ አውርቶ ነበር። ባዶ እጁን መግባት አፈረ። የተሸለመውን ሰውዬ እጅ እያየ፣ እያየ... ራሱን ሸለመ።»

ብሎን ወንድሙን አየው። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«ላሳድሰው ሰዓት ሠሪ ጋ ወስጄው... ከፍቶ ሳቀብኝ።» አለ ታላቅየው። «አንተ ደግሞ አንዴ ብትነካው ታውቃለህ። አባዬን ውሸታም እንድትለው አልፈለግኩም። እኔን ስስታም ብትለኝ ይሻለኛል።»

ይሄን ሁሉ ዘመን ብሎን የተቀየመው... የአባቱን ክብር የሚጠብቅለትን ሰው ነበር።

ብሎን ግን አላፈረም። እንባው እየወረደ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሞኝ ነህ! በዚያ ማሽን ይሄን መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ሰውየው እኮ ጉደኛ ነበር!»

ሰኞ ጠዋት ታላቅየው ወደ ቢሮው ሳይገባ፣ ከነከረባቱ ብሎን ወርክሾፕ መጣ። የሚሽከረከረውን ቶርኖ ሊነካ እጁን ሲሰድ...

«አትንካው!» አለ ብሎን።

ታላቅየው ክው አለ።

«መጀመሪያ ከረባትህን አውልቅ። ጎትቶ ይጨርስሃል።»

ከዚያ ሽርጥ አቀበለው።

ወዳጆቼ... የከለከለን ሰው ሁሉ ለራሱ ሳስቶ አይደለም። አንዳንዱ ስሙን አስጠፍቶ የኛን ልብ ነው የሚጠብቀው። ከመቀየማችሁ በፊት አንዴ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብሎን አልጠየቀም፤ ስንት ዓመት በከንቱ ተቃጠለ።

እስቲ እናንተ በታላቅየው ቦታ ብትሆኑ... እውነቱን ትናገሩ ነበር ወይስ ስስታም ተብላችሁ ትኖሩ ነበር?

«እንደ ሁኔታው» የሚል ኮሜንት አልቀበልም... አንዱን ምረጡ!