ስምንተኛው ነጥብ

ከምነግራችሁ ውስጥ ውሸት ቢገኝ ምላሴ ይቆረጥ፤ ዶዘር የምንለው የክፍላችን ጉልበተኛ አንገቴን አንቆ ወደ ክሎሪን ሲጎትተኝ የኬሚስትሪ ቲቸራችን "ጎበዝ፣ ልክ እንደዚህ ነው የሚስበው" ብሎ አጨበጨበለት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቫለንስ ኤሌክትሮን በሰሌዳ አልገባን ቢል፣ ቲቸር ዴስኮቹን ጥግ አስይዞ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት አተም ሳለና እኛኑ ነጥብ አድርጎ አቆመን። አተም የሚሰጠውም የሚቀማውም ከዳር ያሉትን ነው፣ ስለዚህ በነጥብ የሚሳሉት እነሱ ብቻ ናቸው አለ። ክሎሪን ሰባት አለው፤ ዶዘርና ጓደኞቹ። በሦስቱ ጎን ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆሙ፣ በአራተኛው ጎን ዶዘር ብቻውን፣ አጠገቡ ስምንት ለመሙላት የቀረው የአንድ ሰው ክፍት ቦታ። ሶዲየም ደግሞ ወድቆ ወድቆ እኔ የደረስኩበት ታላቅ ወንድሜ ነው። ያለችው አንዲት ነጥብ እኔ ነኝ።

ቲቸር ያላወቀው፣ ዶዘር ቦርሳው ውስጥ የከተትኩትን እንቁራሪት ካገኘ ወዲህ እኔን እጁ ለማስገባት ሲያደባ መክረሙን ነው። ወንድሜም በኔ ጦስ የሰው አፍንጫ ሰብሮ፣ ዳግመኛ እጁን ካነሳ ከትምህርት ቤቱ እንደሚባረር ዳይሬክተሩ ነግረውታል።

ዶዘር በግንባሩ ገጨኝ። ከድምፁ የተነሳ ጎረቤት ክፍል ያሉት የእረፍት ደወል መስሏቸው ወጡ። አንዱ ጎኔን በክርኑ ይደቃኛል፣ ሌላው ጸጉሬን ይዟል። ወንድሜ አንድ ክንዴን አልለቅም ብሏል። ቲቸር ትወናችን ደስ ብሎት ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቀስት ይስላል።

የወንድሜ ሌላኛው እጅ ሲጨበጥ አየሁ። ልቀቀኝ አልኩት፤ ሶዲየም ይሰጣል እንጂ አይደባደብም።

"እናታችንን ምን ልበላት?" አለኝ።

"ሰጠሁት በላት።"

አልለቀቀኝም። እጁን ነከስኩት፣ ጥርሴ አጥንት እስኪነካ። ሲለቀኝ ክሎሪን ውስጥ ወደቅኩ፣ ስምንት ሞላን፣ እግራቸው ወረደብኝ።

ቲቸር ጀርባውን እንደሰጠን ያስረዳል። ክሎሪን ኔጌቲቭ ሆነ፣ ሶዲየም ፖዘቲቭ። ሶዲየም ነጥቡን ከሰጠ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። ራሱ መለሰ፤ የትም አይሄድም፣ እዚያው ይጣበቃል፣ ጨውም የሚሆነው በዚህ ነው።

ወንድሜ ሁለት እጆቹን ኪሱ ከተተ። መጥቶ በላዬ ተኛ። ጀርባው ላይ የሚያርፈው እርግጫ የኔ ደረት ውስጥ ይሰማል፣ ከከንፈሩ የሚወርደው ደም ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቲቸር ዞር ብሎ ጠመኔው ከእጁ እስኪወድቅ ድረስ ወንድሜ አንዴም አልተማታም። ዳይሬክተሩ መጥተው ማን መታ ሲሉ፣ ዶዘር እንኳ በወንድሜ ማሳበብ አልቻለም።

እሺ፣ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፤ ኪሱን። የወንድሜ ሱሪ ኪስ አልነበረውም። እጆቹ እነዶዘር እግር ስር፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተው ነበር። ሲረግጧቸውም አልጨበጣቸውም።