ከወንበሬ በላይ ያለው ግድግዳ

ቦናያ ድሪሉን ከራሴ በላይ አንስቷል፤ እኔ ግን ከወንበሬ አልነሳም።

«አኮ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ አቧራው ዓይንዎ ውስጥ ይገባል» ይለኛል። አኮ ማለቱ አያቴ ማለቱ ነው፣ በእናቱ ቋንቋ። ጨዋ ልጅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ዲሽና ስፒከር የሚሠራባት ሱቅ አለችው።

«ይግባ» እለዋለሁ።

ወንበሬ ያለው መኝታ ቤቱ በር ሥር ነው። ከበሩ ወዲያ የልጄ ልጅ ሉሲ ተኝታለች፤ ስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ወር በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብታ ስድስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን ስቆጥር ከርሜአለሁ። ሐኪሙ ድናለች ብሎ አሰናበታት። እኔን ግን ማን ያሰናብተኝ? ይኸው እስከ ዛሬ በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ወደዚያ እንደጣልኩ ነኝ። አሁን ደግሞ ልጄ ሽመልስ ከዚሁ በር በላይ ሁለት ስፒከር ሊሰቅል ነው። እዚህ አናቴ ላይ የፊልም መኪና ሲጋጭ ሲውል ያቺ ሕፃን ብታስል በምን ጆሮዬ ልሰማት?

«እማዬ፣ አምስት ስፒከር አይበቃም አልኩሽ እኮ» ይላል ሽመልስ። አስተማሪ ነው፤ ቤትም ሲገባ ማስተማሩን አይተውም። «ድምፁ ሰውን ዙሪያውን መክበብ አለበት። ቡሌ ሆራ ጓደኛዬ አምሀ ቤት ሰባት ነው። ሄሊኮፕተሩ ከኋላሽ ተነስቶ በራስሽ ላይ ያልፋል!»

«ሄሊኮፕተር በራሴ ላይ እንዲያልፍ ማን ለመነህ?»

ምራቴ ጃለኔ ሶፋው ላይ ሆና ትስቃለች። «የአምሀ ሳሎን የስብሰባ አዳራሽ ያህላል። የእኛ አራት በአራት ናት። ሰባት ስፒከር ከገባባት እኛ ውጭ ቆመን ነው የምንሰማው።»

ቦናያ ድሪሉን አውርዶ ወደ ቡፌው ያያል። አምስቱም ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በያንዳንዳቸው ላይ የሠራሁት ዳንቴል አለ፤ አቧራ እንዳይጠጡ ብዬ ነው።

«ቲቸር፣ እነዚህን እንዲህ የደረደራቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ገንዳ ላይ እንደተሰለፉ ፍየሎች አንድ ላይ ቆመዋል እኮ! ሁለቱ የኋላ ናቸው። ከኋላ ድምፅ የጠፋው ስፒከር አንሶ አይደለም።»

ሽመልስ አንገቱን ያካል። «እሺ፣ እንሞክረው። ካልሆነ ግን ሁለት ይጨመራል፤ ግድግዳውም ይበሳል። እማዬ፣ ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ቦናያ ሁለቱን አንስቶ ዳንቴሎቼን አጣጥፎ ይሰጠኛል። አንዱን ስፒከር ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንዱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ሽቦውን በምንጣፉ ሥር ያሳልፋል። ሽቦው አይግልም ወይ እለዋለሁ። አይግልም ይለኛል። ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

ፊልም ይከፍታሉ። እኔ ፊቴን ወደ ሉሲ በር አዙሬአለሁ፤ ሰዎቹ ይዋጉ ይጋቡ አላይም። ሐሳቤ ሁሉ የልጅቷ ትንፋሽና የውሃው ነገር ላይ ነው። ሚያዝያ ከገባ ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ በመጋቢት መምጣት የነበረበት ዝናብ እስካሁን የለም። ከአሬሮ የመጣ ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ከሳ ከብት ነው። እኛም ከአህያ ጋሪ በጀሪካን እየገዛን፣ የሉሲ ጨርቅ የታጠበበትን እንኳ አንደፋም።

ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ይጀምራል። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ይበረታል፣ ከኋላዬ ዞሮ ወደ ጎኔ ይመጣል፣ ነጎድጓድም ይጨመርበታል።

«ተመስገን! ዝናብ!»

የጉልበት ሕመም እንዳለብኝ እረሳለሁ። ነጠላዬን አናቴ ላይ ጣል አድርጌ በጓሮ በር እወጣለሁ። ማጠቢያ ሳፋውን፣ ባልዲውን፣ ትልቁን ድስት፣ የሉሲን መታጠቢያ ሳይቀር ከጣራው ጠርዝ ሥር እደረድራለሁ። የመጨረሻውን ሳስቀምጥ ነው እጄ ደረቅ መሆኑን የማየው። ቀና እላለሁ። ዳመና የሚባል ነገር የለም። ነጠላዬ በፀሐይ ሞቋል።

ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሳቃቸውን አፍነው የእኔን ፊት ይጠብቃሉ። ሳፋዎቹን አያለሁ፣ እነሱን አያለሁና ቀድሜ እኔው እስቃለሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ይችላቸው!

«እማማ፣ ቆርቆሮው ምነው ዝም አለ አላሉም?» ትላለች ጃለኔ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«የስፒከሩን ፈተና አኮ ጨረሱት!» ይላል ቦናያ። «ሰው ሳፋ አስይዞ ካስወጣ፣ ሌላ ምን ይጨመርበታል?»

ሽመልስ ግን ጠርጥሮኛል። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ግድግዳው እንዳይበሳ አውቀሽ ነው አይደል?»

«አውቄ ቢሆን የልጅቷን መታጠቢያ ፀሐይ ላይ አወጣ ነበር?»

ሽመልስ ግድግዳውን ያይና «በቃ ቦናያ፣ ድሪሉን ቦርሳህ ውስጥ መልሰው፤ አምስቱ ይበቃሉ» ይላል።

ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ሉሲ ከእንቅልፏ አልነቃችም፤ ትንፋሿ ማንኮራፋት የለበት፣ ሲርሲርታ የለበት። የፊልሙ ዝናብ አሁንም ከኋላዬ እየወረደ ነው፤ በላዩ ላይ የእሷ ትንፋሽ በደንብ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ሳፋዎቹን ላስገባቸው?» ትለኛለች ጃለኔ።

«ተያቸው። እዚያው ይቆዩ።»

በተከፈተው የጓሮ በር በኩል ይታዩኛል። አንዲት ዶሮ የሉሲ መታጠቢያ ጠርዝ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን አስግጋ ውስጡን ታያለች።