የነቀልኩት ወንበር

ሾፌሬ ያርጋል ላንድሮቨሯን እያጠበ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ሁሌም እንደሚያደርገው ከጎማዎቹ ይጀምርና ወደ በሮቹ ያልፋል። እኔ ከትንሿ ፊያት አጠገብ ቆሜ ቁልፏን በእጄ አገላብጣለሁ። ትናንት «ትንሿን ሰጥቼ እኔው እዘምታለሁ፤ አንተ ልጆችህን አሳድግ» ብዬዋለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ አፌ።

ጓድ ዝናቡ ከቀበሌ የመጣ ወረቀት ይዞ ግቢው መሐል ቆሟል። ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ፊደል የቆጠርን ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም።

«እንግዲህ ጓድ አለነ፣ አንዷ ለዘመቻው ትሄዳለች፣ አንዷ ትቀርልሃለች። ምርጫውን ላንተ ትተውታል። ሾፌሯ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ግን አብሯት ይዘምታል። በላንድሮቨሯ ያርጋል፣ በትንሿ አንተ። መለዋወጥ የለም።»

«ትንሿን ምን ያደርጉባታል?»

«መልእክት ያደርሱባታል። ፈጣን ናት እያልክ አይደል የኖርከው?»

እውነቱን ነው። ሊማሊሞን ስትወጣ የሚቀድማት የለም እያልኩ ደባርቅን ሳሰለች ስድስት ዓመቴ ነው። ክብደቷ እንዲቀንስ ያልነቀልኩት ነገር የለም፤ ምንጣፏን፣ የኋላ ወንበሯን፣ የበሮቿን ልባስ ከነመያዣቸው፣ በመጨረሻም ከጎኔ ያለውን ወንበር። የምትይዘው አንድ ሰው ነው፣ እኔን። ገብስ የምታመላልሰው፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጎንደር የምታደርሰው ላንድሮቨሯ ናት። የምንበላው በእሷ ነው። ባለቤቴ ውቢት ትንሿን «ያንን የድስት ክዳን ሽጠህ ገላግለኝ» ሳትለኝ ያለፈ ወር አላስታውስም።

አሁን ውቢት ከቤት ወጥታ አጠገቤ ትቆማለች።

«ትንሿን አስቀራት» ትላለች።

«ላንድሮቨሯ ከሄደች ምን ልንበላ ነው?»

«ቆሎ እንበላለን። ትንሿን አስቀራት አልኩህ። ጥሩ መኪና ናት እኮ። እኔ ነኝ ያላወቅሁላት።» ያርጋል እንዳይሰማ እንኳን ድምጿን አልቀነሰችም።

ያርጋል ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ይነክራል። ወደ እኛ አይዞርም። አንድ ቃል ቢናገር ደስ ባለኝ። «ትናንት ያሉኝስ?» ቢለኝ እሄድ ነበር እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ፈርቻለሁ።

«ላንድሮቨሯ ትሂድ» እላለሁ።

ዝናቡ ወረቀቱን የላንድሮቨሯ ኮፈን ላይ አስደግፎ ይጽፋል። «በል ያርጋል፣ ተነስ። ኮንቮዩ በስድስት ሰዓት ከዳባት ይንቀሳቀሳል።»

ያርጋል ጨርቁን ይጨምቅና አጥሩ ላይ ያሰጣዋል። እጁን በሱሪው ያደርቃል። «ጤናዬ ወፍጮ ቤት ናት፣ ጋሼ። ስትመጣ ይንገሯት» ይላል። ዝናቡ ከጎኑ ይገባል፣ ይሄዳሉ።

ወፍጮ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሄጄ ልጠራት እችል ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው እንደቆምኩ ሚስቱ ጤናዬ ራሷ እያለከለከች ትገባለች፤ አቁማዳ ተሸክማለች።

«እሰይ፣ ሳይሄዱ ደረስኩ!» አቁማዳውን እግሬ ሥር ታስቀምጠዋለች። «በሶ ነው ጋሼ፣ ለስንቅዎ። ወፍጮው ተራ በዝቶበት ነው የቆየሁ። ትናንት ያርጋል ሲነግረኝ ሌሊቱን ገብሱን ቆልቼ አደርኩ። እኛ ምን አለን ብለን እንሰጥዎታለን፣ ጋሼ? ይቺኑ ነው።»

ከዚያ ላንድሮቨሯ ቆማ የነበረችበትን ቦታ ታያለች። ዙሪያው ጭቃ ሆኖ መሐሉ ደረቅ ነው።

«ያርጋልስ?»

ውቢት ወደ ቤት ትገባለች።

«የሄደው ያርጋል ነው» እላለሁ።

ጤናዬ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ ታያለች፣ መልሳ እኔን። «ሳይሰናበተኝ?»

«ኮንቮዩ በስድስት ሰዓት ይነሳል አሉ። በሶውን እኔ ላድርስለት።»

«የበሶው ነገር አይደለም፣ ጋሼ።» ወደ ትንሿ ትጠጋለች። «ይቺ ፈጣን ናት ሲሉ እሰማለሁ። ትደርስበታለች?»

«ትደርስበታለች።» ግማሽ ሰዓት ይቀረናል። ለትንሿ ግማሽ ሰዓት ይበቃታል።

በሩን እከፍትላታለሁ። ጎንበስ ብላ ታያለች። ብረት ብቻ ነው፤ ወንበሩ ታስሮባቸው በነበሩት አራት ቀዳዳዎች መሬቱ ይታያል።

«የቱ ላይ ነው የምቀመጠው?»

መልስ ሳትጠብቅ ቀሚሷን ሰብስባ ብረቱ ላይ ትቀመጣለች፣ አቁማዳውን ታቅፋለች። ሞተሩን አስነስቼ እንደለመድኩት ነዳጁን እረግጣለሁ። ከከተማው መውጫ ያለው መጠምዘዣ ላይ ጤናዬ ተንሸራታ በግንባሯ በሩን ትመታለች። የምትይዘው ነገር የለም። መያዣውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ።

«ምንም አልሆንኩም፣ ይንዱ» ትላለች። ግንባሯ ላይ ደም አለ። በሶው ከአቁማዳው አፍ ፈስሶ እጇን አንጥቶታል። «ይንዱ እንጂ ጋሼ!»

እንደገና እረግጣለሁ፣ እንደገና ትንሸራተታለች፣ እንደገና አነሳለሁ። አንድ ገብስ የጫነ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጡሩንባ ነፍቶ ያልፈናል። ርቆ፣ በዳባት በኩል፣ አቧራ ይነሳል። እኔ በሁለተኛ ማርሽ እነዳለሁ።