ጉንጭ ላይ የወጣ ወሬ

የኔአለም ጉንጯ ላይ ማድያት የወጣባት አጨዳው ሲያልቅ ነው። ባሏ አሳምነው ጂዳ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለመካነ ሰላም ጎረቤት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ማድያት ያወጣች ሴት አርግዛለች፤ አለቀ።

ሰዉ ሰላም ሲላት መጀመሪያ ጉንጯን፣ ቀጥሎ ሆዷን ያያል። ከገበያ የገዛችው ማንጫ ክሬም ፊቷን አቃጠላት፤ ማድያቱም ባሰበት። መውጣት ፈራች፣ መቀመጥም አልሆነላት።

ከሁሉ የከፋባት የአማቷ የእቴቴ ነገር ነው። እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት ሴትዮ አሁን ዓይኗን ይሸሻሉ። አሳምነው ሲደውል ስልኩን ይዘው ጓሮ ይወጣሉ፤ እሷ ብቅ ስትል "በል ደህና ሁን" ብለው ይዘጋሉ። አንድ ጠዋት ደግሞ ገብስ ሲፈትጉ ደረሰችባቸው።

"ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው እቴቴ?"

"ለገንፎ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ያን ያህል ገብስ ለገንፎ የሚፈተገው አራስ ሲጠበቅ ነው። እኒህ ሴትዮም አምነውታል ማለት ነው!

በማግስቱ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ሀዲያ ሽንቷን መርምራ ሳቀች።

"ምንም እርግዝና የለም። ማድያት እርጉዝ ላይ ይበዛል እንጂ ላላረገዘችም ይወጣል። የወሊድ መከላከያም ያመጣዋል። አንቺን ግን የጎዳሽ ፀሐይ ነው፤ ክሬሙ አባባሰው። እሱን ጣይው። ጥላ ያዢ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቢ። ወራት ይፈጃል፤ አብሽሪ።"

"ወራት የለኝም። ባሌ እሑድ ይገባል።"

ቤት እንደደረሰች እቴቴ ፊት ቆመች።

"በማርያም ይመኑኝ! እርጉዝ አይደለሁም፤ ተመርምሬያለሁ። ለእሱ ምን ብለው እንደነገሩት አላውቅም፣ ግን..."

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ እቴቴ። እንባቸው መጣ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

የኔአለም ያላመኗት መሰላት። ትዳሯን ትወደው ነበር፤ በአንድ ጉንጭ ሊፈርስ መሆኑ አንገበገባት። እስከ እሑድ እህል በአፏ አልዞረም።

እሑድ ዘመድ ሁሉ መናኸሪያ ወጣ። እሷ ፊቷን ሳትሸፍን ሄደች፤ የሚፈርድብኝ ከሆነ አይቶኝ ይፍረድ ብላ። የደሴው አውቶቡስ ቆመ። አሳምነው ወርዶ ሲያያት አንገቱን ደፋ። በቃ፣ ወሬው ደርሶታል አለች በልቧ። ሮጣ እግሩ ላይ ወደቀች።

"አሳምነው፣ በእግዜር! የሰው ወሬ አትስማ፤ ከአንተ ሌላ ወንድ አላውቅም!"

አሳምነው ዞር ብሎ ከአውቶቡሱ የምትወርድ ሆዷ የገፋ ሴት እጅ ያዘ።