የሶልማዝ ጭረት

ሶልማዝ ለቀትሩ ንግግር ምስል ልትመርጥ የሙከራዋን የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ከፈተች። ከኋላዋ ባልደረቦቿ ያመጣችውን የለውዝ ብስኩት ይቆረጥማሉ። በዚህ የታብሪዝ ላቦራቶሪ ውጤት የቀናው ሰው ጣፋጭ ሳይዝ አይገባም። ከሁሉ ደስ ያለው ሄይደር ነው፤ ታናሽ እህቱ ሴቪል የአጥንት ካንሰር ይዟታል።

ሙከራው በዚሁ በሽታ ሴሎች ላይ ነው። በአንዱ ሳህን ያሉትን ሴሎች አንድ ዘረ-መል እንዳይሠራ ዝም አሰኘችው፤ የሌላውን አልነካችም። ከዚያ ሁለቱንም ሳህኖች በቀጭን የፕላስቲክ ጫፍ መሀል ለመሀል ጭራ፣ ሴሎቹ ተራምደው ጭረቱን እስኪደፍኑት ጠበቀች። ዘረ-መላቸው ዝም ያለው ሴሎች ሳይሻገሩ ቀሩ። ካንሰሩ ወደ ሳንባ የሚዘልቀው በዚሁ እርምጃ ነውና መምህሯ ዶክተር ፈርዛኔ ግንባሯን ሳሟት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ ሶልማዝ የመጨረሻውን ቀን ፎቶ ብቻ አይታ ነበር ወደ ጣፋጭ ቤት የሮጠችው።

አሁን የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ከፊቷ ነው። ዝም በተሰኙት ሴሎች ሳህን ላይ ጭረቱ ገና ከመነሻው የሌላውን እጥፍ ይሰፋል። የሁለቱም ሳህን ሴሎች እኩል ተራምደዋል፤ የእነዚህ መንገድ ነው የረዘመው። እዚህኛው ላይ እጇን ጠንከር አድርጋ ተጭናለች። አውቃ አይደለም፤ ግን ልቧ የፈለገውን እጇ ሠርቶታል።

ዶክተር ፈርዛኔን ጠርታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ውጤቱን ለማን ነግረሻል?"

"ለማንም አልነገርኩም፣ ዶክተር።"

"ይህን ሁሉ ሰው ጣፋጭ አብልተሽ ለማንም?"

አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰባት። ንግግሩን እንደሚሰርዙት፣ ሙከራውም እንደገና እንደሚሠራ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን ጭረቱን ሌላ ሰው እንደሚጭር በዝግታ ነገሯት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሄይደር ይህን አልሰማም። ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ። ጠዋት ውጤቱን ለእህቱ ነግሯት ኖሮ፣ በድምፅ መልእክት መልሳለች።

"ሶልማዝ እህቴ፣" አለች ሴቪል ከስልኩ ውስጥ፣ በየቃሉ መሀል ትንፋሽ እየሳበች፣ "እጅሽ ይባረክ፣ አይመምሽ። እማዬ ደግሞ ሶልማዝ ቤታችን ስትመጣ እጇን እስማለሁ ብላለች።"

ሶልማዝ ቀኝ እጇን የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"በይ መልሽላት፣ እየጠበቀች ነው፣" አለ ሄይደር፤ መቅጃውን ተጭኖ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት።